ጊዜ ለሠራው ሥራ መድኃኒት ሲመሰገን፦ የኩላሊት ጠጠር፣ የፕሮስቴትና የኩላሊት ዕጢ ጥናቶች ዳሰሳ

ጠጠር የያዘው ሰው ያገኘውን ሁሉ ይጠጣል። ጎረቤት ቢራ ያዝለታል፣ አክስት የገብስ ውሃ ታፈላለች፣ የሥራ ባልደረባ ደግሞ ሎሚ በሙቅ ውሃ ይላል። ሐኪም ቤት የሄደው የተጻፈለትን ክኒን ይውጣል። ከሳምንት በኋላ ጠጠሩ ወርዶ ሰውየው ሲተነፍስ፣ ምስጋናው መጨረሻ ላይ ለወሰደው ነገር ይሆናል። ቢራም ሆነ ክኒን፣ የቀናው እሱ ነው።

ነገር ግን ከ5 ሚሊ ሜትር ያነሱ ጠጠሮች አብዛኞቹ ማንም ሳይነካቸው በራሳቸው ይወጣሉ። የፕሮስቴት ማበጥ ምልክትም አንድ ሰሞን ጠንቶ ሌላ ሰሞን ይለዝባል። ትንሽ የኩላሊት ዕጢ ለዓመታት እምብዛም ሳያድግ ሊቀመጥ ይችላል። ሦስቱ ሕመሞች የሚታዩት በአንድ ክፍል፣ በዩሮሎጂ ሐኪም ነው፤ የጋራ ጠባያቸው ግን ከዚህ ይሰፋል። ሕመሙ በራሱ ጊዜ የሚሄድበት መንገድ ስላለው፣ በዚያ መሐል የተሰጠ ማንኛውም ሕክምና የሠራ ይመስላል። ሠራ አልሠራ ለማለት ሕክምናውን ያላገኘ ተመሳሳይ ቡድን ጎን ለጎን መቆም አለበት፤ ማን የትኛው ቡድን እንደሚገባም ሐኪሙ ሳይሆን ዕጣ መወሰን አለበት። እንዲህ ያሉ ሙከራዎች ባለፉት 30 ዓመታት በብዛት ተካሂደዋል፤ ሁሉም ያመነባቸውን ብዙ ነገሮችም ጥለዋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከታምሱሎሲን እንነሣ። መድኃኒቱ በመሠረቱ የፕሮስቴት ነው፤ በፕሮስቴትና በፊኛ አፍ ዙሪያ ያለውን ጡንቻ ያላላል። ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርደው ቱቦ የታችኛው ጫፉ ላይ ተመሳሳይ ጡንቻ አለው፤ እንግዲያው ያንን ብናላላው ጠጠሩ ቶሎ ይወርዳል ተባለ። አሳቡ ያሳምናል። ትናንሽ ጥናቶችም ደገፉት፤ ከዚያ በየአገሩ የድንገተኛ ክፍል ሐኪም ጠጠር ባየ ቁጥር ታምሱሎሲን መጻፍ ያዘ። በ2015 ላንሴት ላይ የወጣው የእንግሊዞች ሙከራ ይህን ፈተነ። በ24 ሆስፒታሎች 1167 ሰዎች በዕጣ ለሦስት ተከፈሉ፦ ታምሱሎሲን፣ ኒፌዲፒን የሚባለው የደም ግፊት መድኃኒት፣ እና ምንም የሌለበት ማስመሰያ ክኒን። በአራት ሳምንት ውስጥ ተጨማሪ ሕክምና ያላስፈለጋቸው ሲቆጠሩ፣ ታምሱሎሲን የወሰዱት 81 በመቶ፣ ኒፌዲፒን የወሰዱት 80 በመቶ፣ ማስመሰያውን የወሰዱት ደግሞ 80 በመቶ ሆኑ።

ይህ ቁጥር ቆም ብሎ ሊታይ ይገባዋል። ማስመሰያ ባይኖር ኖሮ ዜናው «ታምሱሎሲን ከአሥር ሰዎች ስምንቱን ከቀዶ ጥገና አዳነ» የሚል ነበር፤ ሐሰትም አይሆንም፣ ሁሉም ቁጥር ትክክል ነው። ስምንቱን ያዳነው ግን ክኒኑ አልነበረም።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ2018 ከቻይና የመጣ ሌላ ሙከራ በ3296 ሰዎች ላይ ታምሱሎሲን ጠጠር በማውረድ ማስመሰያውን 86 ለ79 በመቶ በለጠ። ልዩነቱ በዋናነት የታየው ከ5 ሚሊ ሜትር በሚበልጡት ጠጠሮች ላይ ነው። ሁለቱ ይጋጫሉ ብለው የተከራከሩ አሉ፤ እኔ አይጋጩም ባይ ነኝ። በእንግሊዙ ሙከራ ከአራት ሰዎች የሦስቱ ጠጠር 5 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች ነበር፤ በራሱ የሚወጣን ጠጠር ማገዝ ደግሞ አይቻልም። የቆጠሩትም ነገር አንድ አይደለም። እንግሊዞቹ «ሌላ ሕክምና አስፈለገው ወይ?» ብለው ጠየቁ፤ ቻይናዎቹ «ጠጠሩ ወጣ ወይ?» አሉ። በቱቦው ታችኛው ጫፍ ላይ 7 ሚሊ ሜትር ጠጠር ላለበት ሰው ክኒኑ መሞከር የሚገባው ነው፤ 3 ሚሊ ሜትር ላለበት ሰው ማስታገሻውና ትዕግሥቱ ይበቃዋል። ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚለው ሰው ግን በእነዚህ ሙከራዎች ውስጥ የለም። ጠጠር ዘግቶበት ኢንፌክሽን ያለበት ሰው የዚያኑ ቀን የሽንቱ መውረጃ ሊከፈትለት ይገባል፤ ለእሱ ቢራውም ክኒኑም ጊዜ ማባከን ነው።

መከላከሉ ላይ ደግሞ የወደቀው እምነት ከዚህ የበለጠ ስር የሰደደ ነበር። አብዛኛው ጠጠር ካልሲየም ያለበት ነው፤ ስለዚህ ወተት ተው፣ አይብ ተው ይባል ነበር፣ ዛሬም ይባላል። በ1993 ከ45 ሺህ በላይ አሜሪካውያን ወንዶችን የተከታተለ ጥናት ተቃራኒውን አሳየ፤ ከምግባቸው ብዙ ካልሲየም የሚያገኙት ጠጠር የሚይዛቸው በጥቂቱ ነው። ክትትል ብቻ ስለሆነ አላሳመነም። ቁርጡን የለየው በጣልያን ፓርማ የሠራው የሎሪስ ቦርጊ ቡድን ነው። በ2002 የወጣው ሙከራቸው ጠጠር የሚመላለስባቸውን 120 ወንዶች ለሁለት ከፈለ፤ 60ዎቹ ካልሲየም ቀንሰው እንዲበሉ፣ ሌሎቹ 60 ካልሲየሙን እንደ ወትሮው ይዘው ጨውና ሥጋ እንዲቀንሱ። በአምስት ዓመት ውስጥ ካልሲየም ከቀነሱት 23ቱ፣ ካልቀነሱት 12ቱ ብቻ ጠጠር ተመለሰባቸው።

ምክንያቱ አንጀት ውስጥ ነው። ከጠጠሩ ሌላኛው ግማሽ ኦክሳሌት ሲሆን ከምግብ የሚገባው በዋናነት ከቅጠላ ቅጠልና ከጥራጥሬ ነው። ካልሲየም ከምግብ ጋር አብሮ ሲገባ ኦክሳሌቱን አንጀት ውስጥ ይዞት በሰገራ ይወጣል። ካልሲየም ሲጠፋ ኦክሳሌቱ ወደ ደም፣ ከደም ወደ ሽንት ያልፋል። እኛ ጋ ሰው ከቲማቲም ሲሸሽ ይታያል፤ ኦክሳሌት በብዛት ያለበት ግን ቆስጣ ነው። ቆስጣ ከአይብ ጋር የሚበላ ሰው ሳያውቅ የፓርማውን ምክር እየፈጸመ ነው፤ በጾም ወራት ቆስጣውን ብቻውን የሚያዘወትር ደግሞ ውሃውን ማብዛት ይኖርበታል።

ስለ ውሃውም የፈተነው ያው ቡድን ነው። በ1996 ለመጀመሪያ ጊዜ ጠጠር የያዛቸውን 199 ሰዎች ከፍለው፣ ለግማሾቹ በቀን ቢያንስ 2 ሊትር ሽንት እስኪወጣቸው ጠጡ አሏቸው፤ ሌሎቹን እንዳሉ ተዉአቸው። ከአምስት ዓመት በኋላ ከጠጪዎቹ 12 በመቶ፣ ከሌሎቹ 27 በመቶ ጠጠር ተመለሰባቸው። እስካሁን ካየኋቸው የጠጠር ሙከራዎች ሁሉ በወጪና በጥቅም ይህን የሚያህል የለም። 2 ሊትሩ የሚለካው ግን ከሚወጣው እንጂ ከሚገባው አይደለም፤ በላብ የሚሄደውን ጨምሮ መጠጣት ያስፈልጋል። ኩዌትና ኢራቅ የነበሩ የአሜሪካ ወታደሮች ላይ በ2005 የወጣ ጥናት የጠጠር ሕመም የጀመራቸው በአማካይ በ93 ቀን እንደሆነ አሳይቷል። በዚያው ሙቀት ግንባታ ላይ ወይም ሰው ቤት የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን በየመሐሉ ውሃ የሚጠጡት፣ ሽንት ቤት የሚሄዱትም ሲፈቀድላቸው ነው። ሽንት ቤት ላለመሄድ ውሃ የምትቀንስ የቤት ሠራተኛ ጠጠርዋን ራሷ እያጠራቀመች ነው፤ «ብዙ ጠጪ» የሚለው ምክር እሷ ጋ ሲደርስ ፈቃጅ ይፈልጋል።

ለሚመላለስበት ሰው ሐኪሞች ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ሲያዙ ከአርባ ዓመት አልፏል። በሽንት የሚወጣውን ካልሲየም ስለሚቀንስ ምክንያቱ የተጣራ ነበር። ስዊሶች በ2023 ኖስቶን በሚባለው ሙከራ 416 ሰዎች ላይ በሦስት መጠን ከማስመሰያ ጋር አወዳድረው፣ ጠጠር በመመለሱ ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አጡ። የሽንቱ ካልሲየም ሊቀንስ ይችላል፤ ጠጠሩ ግን ይመጣል። ክትትሉ ሦስት ዓመት ገደማ ብቻ ነው፣ አጭር ነው የሚሉ አሉ፤ ክርክሩ ቀጥሏል።

ማውጣቱ ላይ ብዙ አልቆይም። ክርስቲያን ሾሲ ሙኒክ ላይ በ1980 የመጀመሪያውን ሕመምተኛ ጠጠር ከውጭ በሾክ ዌቭ ከፈጩ ወዲህ፣ ጥያቄው ከውጭ መፍጨት ይሻላል ወይስ ካሜራ በሽንት ቱቦ አስገብቶ በሌዘር መስበር የሚል ሆኗል። በቱቦ ጠጠር ላይ የተደረገ የእንግሊዝ ሙከራ ከውጭ ከተፈጨላቸው 100 ሰዎች 22ቱ፣ በካሜራ ከተሠራላቸው 10ሩ ሌላ ሕክምና እንዳስፈለጋቸው አሳይቷል። ሌዘሩ አሸነፈ ማለት ይቻላል፤ 78ቱ ያለ ማደንዘዣና ያለ መኝታ ተገላገሉ ማለትም ይቻላል።

ፕሮስቴት ላይ ስንመጣ መለኪያው ራሱ ፈተና ነው። ጠጠር በሲቲ ስካን ይታያል፤ የፕሮስቴት ስቃይ የሚለካው በመጠይቅ ነው። ሰባት ጥያቄ፣ እያንዳንዱ ከዜሮ እስከ አምስት፣ ጠቅላላው 35። «አባባ፣ ሌሊት ለሽንት ስንት ጊዜ ይነሣሉ?» «ኧረ እንጃ ልጄ፣ እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ እነሣለሁ፤ ከተነሣሁ አይቀር ሽንቴን ልሽና ብዬ...» ይህ መልስ ሁለት ነው ወይስ አራት? ሰውየው ተጨንቆ በመጣበት ቀን አራት፣ ዶክተሩ ከተከታተለው በኋላ ሁለት ይሆናል። ሰው ሐኪም ቤት የሚመጣው በባሰበት ሰሞን ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላ የሚሰጠው ነገር ምንም ይሁን ምን ቁጥሩ መውረዱ አይቀርም።

ሳው ፓልሜቶ የሚባለው የዘንባባ ፍሬ ጭማቂ በዚህ ቀዳዳ ብዙ ዘመን ኖረ። አሜሪካ ውስጥ በየፋርማሲው መደርደሪያ አለ፤ ለአባቱ በሻንጣ ይዞለት የሚመጣ ልጅም አይጠፋም። በ2011 የወጣው ሙከራ 369 ወንዶችን ለ72 ሳምንት ተከታተለ፤ መጠኑንም በየጊዜው እስከ ሦስት እጥፍ አሳደገ። ፍሬውን የወሰዱት የመጠይቁ ነጥብ ከ14.42 ወደ 12.22 ወረደላቸው። ማስመሰያውን የወሰዱት ደግሞ ከ14.69 ወደ 11.70። ማስመሰያው በጥቂት በለጠ ማለት ነው።

የፊናስተራይድ ታሪክ ግን ጊዜን በሌላ ፊቱ ያሳያል። በዶሚኒካን ሪፐብሊክ አንዳንድ ቤተሰቦች ውስጥ ሲወለዱ ሴት የሚመስሉ፣ ጉርምስና ላይ ወንድነታቸው የሚገለጥ ልጆች እንዳሉ ጁሊያን ኢምፔራቶ ማክጊንሊና ባልደረቦቿ በ1974 ጻፉ። እነዚህ ልጆች ቴስቶስትሮንን ወደ ጠንካራው ሆርሞን የሚለውጠው ኢንዛይም የላቸውም፤ አድገው ፕሮስቴታቸው ትንሽ እንደሆነ ይቀራል። እንግዲያው ያንን ኢንዛይም በመድኃኒት ማስቆም ፕሮስቴትን ያሳንሳል ተብሎ ፊናስተራይድ ተሠራ፤ በ1992 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። በ1996 በ1229 ወንዶች ላይ የተደረገ የአንድ ዓመት ሙከራ ሲወጣ ሁሉም ደነገጠ። ጡንቻ የሚያላላው ቴራዞሲን ከ6 ነጥብ በላይ ቀነሰ፤ ፊናስተራይድ 3.2፣ ማስመሰያው 2.6። ከስኳር ክኒን እኩል ነው ማለት ይቻላል።

ሁለት ዓመት ሳይቆይ ግን ሌላ ሙከራ ወጣ፦ ሰዎቹ 3040፣ ጊዜው አራት ዓመት። ይኸኛው ሙከራ ሽንታቸው ድንገት የቆመባቸውንና ቀዶ ጥገና የተደረገላቸውን ቆጠረ። ማስመሰያ ከወሰዱት 7 በመቶ ሽንታቸው ቆመ፣ ፊናስተራይድ ከወሰዱት 3 በመቶ፤ ቀዶ ጥገናውም ከ10 ወደ 5 በመቶ ወረደ። ያው ክኒን ነው። አንዱ ምልክት ቆጥሮ በአንድ ዓመት ዘጋ፣ ሌላው ተበላሽቶ የሚመጣውን እስኪያይ ታገሠ፤ በሁለተኛው የገቡት ሰዎች ፕሮስቴታቸውም ተለቅ ያለ ነበር። በ2003 የወጣው ኤምቶፕስ የተባለ ሙከራ 3047 ወንዶችን አራት ዓመት ተኩል ያህል ተከታትሎ፣ የሁለቱ ዓይነት መድኃኒት ጥምረት የሕመሙን መባባስ በ66 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ፤ ለየብቻ ሲሰጡ 39ና 34 በመቶ ነበር። እዚህ ላይ ለልጆች አንድ ማስታወሻ፦ ፊናስተራይድ ፒኤስኤ የሚባለውን የፕሮስቴት የደም ምርመራ ቁጥር በግማሽ ያህል ስለሚያወርደው፣ አባታችሁ ይህን የሚወስዱ ከሆነ የምርመራውን ውጤት ለሚያነብ ሐኪም ንገሩት።

እነዚህ ሁሉ ሙከራዎች ግን የጀመሩት ገና ከሚሸና ሰው ነው። ሽንቱ የቆመበት ሰው ከመጀመሪያውም አይገባባቸውም። በብዙ የአፍሪካ ሆስፒታሎች፣ በእኛም፣ የፕሮስቴት ሕመምተኛ የሚመጣው ሽንቱ ሲቆም ነው፤ ካቴተር ይገባለታል፣ ከነሽንት ከረጢቱ ወደ ቤቱ ተመልሶ ወረፋ ይጠብቃል። የበለጸጉት አገሮች ሙከራ በሽንት ቱቦ ገብቶ መፋቅን ከሌዘር ጋር ሲያወዳድር፣ እዚህ ሆድን ቀዶ ፊኛን ከፍቶ ማውጣት ገና ቦታውን አልለቀቀም። ካቴተር ተሸክሞ ወራት ለሚቆይ ሽማግሌ ዋናው ጥያቄ ኢንፌክሽን ሳይገባ እንዴት ይቆይ፣ ስንተኛው ቀን ላይ ካቴተሩ ወጥቶ ይሞከር የሚለው ነው። የትልልቅ ሙከራዎች ገንዘብ ወደዚያ ብዙም አልሄደም፤ የሚሸጥ አዲስ ክኒን የለበትምና።

ዕጢው ላይ ቀልድ የለም። ሆኖም እዚህም ጊዜ ሥራውን ይሠራል። ድሮ የኩላሊት ዕጢ የሚታወቀው ሽንት ደም ሲሆን ወይም ጎን ላይ ሲዳሰስ ነበር፤ ዛሬ ለሌላ ነገር አልትራሳውንድ የተነሣ ሰው በአጋጣሚ ይገኝበታል። ከ4 ሴንቲ ሜትር ከሚያንሱት ውስጥ ከአምስት አንዱ ያህል ካንሰር አይደለም።

ትንሹን ዕጢ ከነሙሉ ኩላሊቱ ማውጣት ወይስ ዕጢውን ብቻ ቆርጦ ኩላሊቱን ማትረፍ? መልሱ ግልጽ ይመስላል፤ ኩላሊት የተረፈለት ሰው የተሻለ ይኖራል። አውሮፓውያን ከ1992 ጀምሮ 541 ሰዎችን በዕጣ ከፈሉ፤ 1300 ለማግኘት አስበው አልሞላላቸውም። ውጤቱ በ2011 ሲወጣ ከአሥር ዓመት በኋላ በሕይወት ያሉት፣ ሙሉ ኩላሊት ከወጣላቸው 81.1 በመቶ፣ ከፊሉ ከተረፈላቸው 75.7 በመቶ ሆኑ። የተገላቢጦሽ! ከሞቱት 117 ሰዎች በኩላሊት ካንሰር የሞቱት 12 ብቻ ናቸው፤ የቀሩት በልብና በሌላ በሽታ። የሐኪሞች መመሪያ ግን ዛሬም ለትንሽ ዕጢ ኩላሊቱን አትርፉ ይላል፤ በከፊል ቀዶ ጥገናው የኩላሊት ሥራ መትረፉ በዚያው ሙከራ ጭምር ታይቷልና። ያልሞላ ሙከራ ነው፣ ልዩነቱም በአጋጣሚ ሊሆን ይችላል ይባላል። ይሁን። ነገር ግን ውጤቱ እንደተጠበቀው ቢሆን ኖሮ ያልሞላ መሆኑን ማን ያነሣው ነበር? ሁለት ጤነኛ ኩላሊት ላለው ሰው ከባድ ቦታ ላይ ያለን ዕጢ በግድ ቆርጦ ማትረፍ አዋጪ መሆኑን እጠራጠራለሁ፤ አንድ ኩላሊት ብቻ ላለው ወይም ስኳርና ግፊት ላለበት ሰው ግን አልጠራጠርም።

ካንሰሩ ከተሠራጨ በኋላ ኩላሊቱን ማውጣት ሌላው የተፈተነ ልማድ ነው። በ2001 የወጡ ሁለት ሙከራዎች ደግፈውት ነበር፤ ያኔ የነበረው መድኃኒት ኢንተርፌሮን ነው። ዘመኑ ተለወጠ፣ ሱኒቲኒብ የሚባል መድኃኒት መጣ፤ ቀዶ ጥገናው ግን በልማድ ቀጠለ። በ2018 ካርሜና የተባለው የፈረንሳዮች ሙከራ 450 ሰዎችን ከፍሎ፣ መድኃኒት ብቻ የወሰዱት 18.4 ወር፣ መጀመሪያ ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው 13.9 ወር እንደኖሩ አሳየ። ሱኒቲኒብም ራሱ ወዲያው ቦታውን ለኢሚውኖቴራፒ ለቀቀ፤ ካርሜና የመለሰው ጥያቄ ሲመለስ አርጅቶ ነበር። የዘርፉ አንዱ ጣጣ ይህ ነው።

ከወደቁት ይልቅ ያሸነፈውን ማየት ለዳኝነት ይከብዳል። ፔምብሮሊዙማብ የተባለው የኢሚውኖቴራፒ መድኃኒት፣ ዕጢያቸው ወጥቶ የመመለስ ሥጋት ላለባቸው 994 ሰዎች በተደረገ ሙከራ፣ ለአንድ ዓመት ያህል በደም ሥር ተሰጠ። በ2024 እንደተነገረው ከአራት ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት 91.2 በመቶ ሲሆኑ በማስመሰያው ወገን 86 በመቶ ነበሩ። ተመሳሳይ አሠራር ያላቸው ሌሎች መድኃኒቶች የተሞከሩባቸው ሦስት ሙከራዎች ግን አልተሳካላቸውም። ከመቶ ሰው 86ቱ ያለ መድኃኒቱም አራት ዓመት ይኖራሉ፤ አምስቱ በመድኃኒቱ ተጨመሩ፤ መርፌውን ግን መቶውም ይወስዳሉ፣ አንዳንዶቹም ዕድሜ ልክ የሚቆይ የታይሮይድ ወይም የአድሬናል ጉዳት ይዘው ይወጣሉ። ሥጋቱ ላለበት ሰው አምስት ከመቶ ትንሽ አይደለም። ዋጋውን ከኪሱ ለሚከፍል የአዲስ አበባ ቤተሰብ ግን ቤት የሚያሸጥ ውሳኔ ነው፤ ሐኪሙ 91 በመቶ ብሎ ብቻ ቢነግራቸው ከእውነቱ አብዛኛውን ደብቋቸዋል።

ትንሹን ዕጢ ሳይነኩ መከታተልም ዛሬ ሕክምና ተብሎ ይቆጠራል። በካናዳ ዕድሜያቸው የገፋ ወይም ሌላ ሕመም ያለባቸው 178 ሰዎች ከሁለት ዓመት በላይ ክትትል ተደርጎላቸው፣ ዕጢው በአማካይ በዓመት ከ2 ሚሊ ሜትር በታች አደገ፤ ካንሰር የተሠራጨባቸው ሁለት ብቻ ናቸው። ይህ ውጤት በ2011 ከወጣ ወዲህ ብዙ ሽማግሌዎች ከቢላ ተርፈዋል። ክትትልን ከቀዶ ጥገና ጋር በዕጣ ያወዳደረ ትልቅ ሙከራ ግን የለም፤ ካናዳውያኑም በየቀጠሯቸው በፎቶ የሚታዩ፣ ቢቀሩ የሚፈለጉ ሰዎች ናቸው። ከገጠር መጥተው አዲስ አበባ ላይ 3 ሴንቲ ሜትር ዕጢ የተገኘባቸውን የ68 ዓመት አባት ፊቱ ያስቀመጠ ዩሮሎጂስት፣ በስድስት ወራቸው ተመልሰው ይምጡ ብሎ ሊሰዳቸው ይችላል። ይምጡ አይምጡ የሚያውቀው ነገር የለም፤ የቀዶ ጥገናውን ቀጠሮ የሚጽፈው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።